ሳይሞት የተለቀሰለት ቋንቋ (ስለ ሆ ለተጻፈው ምላሽ)

በአማርኛ ስለ ሆ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስለዚህ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፉን ሲልክልኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጽሑፉ የሚያወራው ምሥራቅ ሕንድ ውስጥ ስለሚኖር ሕዝብ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ አንድ ምሁር ነው። ምሁሩ ጃኑም ሲንግ ሶይ ይባላሉ። ገጣሚም ተመራማሪም ናቸው፤ ከኮልሃን ዩኒቨርሲቲ በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጥቷቸዋል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም እንደዚያው ናቸው)። ለሽልማቱ የተሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ለአራት አሥርት ዓመታት የሆ ቋንቋ እንዳይጠፋና እንዲያድግ ሠርተዋል።

ደስታዬ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አለቀ። ያላነበባችሁት እንዳትቸገሩ የጸሐፊውን ሐሳብ ባጭሩ ላስቀምጠው። ሆ የሂንዲ ዘዬ ነው፣ ያውም እየሞተ ያለ ዘዬ ነው ይላሉ። ፕሮፌሰሩ ስለ ሆ በሂንዲ ስለጻፉ ቋንቋውን አድነዋል ሊባል አይችልም ይላሉ። የሰበሰቡት የገጠር ዘፈን ነው፤ ይሄ ሥነ ጽሑፍ አይባልም። የቋንቋው ፊደል ደግሞ አንድ ሰው በራእይ አየሁት ብሎ ያመጣው ነገር ነው። በሆ እንጀራ አይበላም። በመጨረሻም፣ መንግሥት ሸልሟቸዋል፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? ብለው ይዘጉታል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። እንዲያውም አጻጻፋቸው ለዛ አለው። ችግሩ መረጃው ነው፤ መረጃው ሲሳሳት ድምዳሜውም አብሮ ይሳሳታል።

ከቀላሉ ልጀምር። ሆ የሂንዲ ዘዬ አይደለም። ጎረቤት ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ሆ የሙንዳ ቋንቋ ነው፤ ቅርብ ወንድሞቹ ሙንዳሪና ሳንታሊ ናቸው። የሙንዳ ቋንቋዎች ኦስትሮኤሺያቲክ በሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚመደቡት። የካምቦዲያው ክመርና የቬትናም ቋንቋም የዚያው ቤተሰብ አባል ናቸው። ሂንዲ ዘር ማንዘሩን ቢቆጥር ደግሞ ፋርስኛን፣ ሩስኛንና እንግሊዝኛን ነው የሚያገኘው። አንድ ሰው ሂንዲ ጠንቅቆ ቢያውቅ፣ በሆ አገር ባለችው ቻይባሳ ከተማ ገበያ ላይ ሁለት የሆ እናቶች ሲያወሩ የሚለቅመው ከሂንዲ የተዋሱትን ቃላት ብቻ ነው።

እየሞተ ነው ለሚለውም ቁጥር አለ። በ2001 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ሆ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው ሰው 1,042,724 ነበር። በ2011 ቆጠራ 1,421,418 ሆነ። በአሥር ዓመት ወደ አራት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው የጨመረ ቋንቋ ለቅሶ አይቀመጡለትም።

ሆኖም ጸሐፊው ያነሱት ስጋት ባዶ ነው አልልም። የሆ ሕዝብ አገር ኮልሃን ይባላል፤ የጃርካንድ ግዛት ደቡባዊ ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ግዛት ወደ ኦዲሻም ይሻገራል፣ ማዩርባንጅና ኬኦንጃር አካባቢ። ይህ ምድር የብረት ማዕድን የሞላበት ነው። ኖአሙንዲ ላይ ማዕድን ይቆፈራል፣ ጃምሼድፑር ላይ ብረት ይቀልጣል። ከየአገሩ ሠራተኛ ይመጣል፤ የሚግባባውም በሂንዲ ነው። ገጠር ያለው ልጅ ሆ ይናገራል። አባቱ ሥራ አግኝቶ ከተማ የገባ ልጅ ግን ቤት ውስጥ ይሰማል እንጂ ውጭ አይናገርም። አደጋው እዚህ ጋ ነው። ቆጠራው ላይ «ሆ» ብሎ ያስመዘገበ አባት ሁሉ ለልጁ በሆ ተረት ይነግራል ማለት አይደለም። እና ይሄ የማንን ክርክር ነው የሚደግፈው? የፕሮፌሰር ሶይን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሂንዲው ጉዳይ። ጸሐፊው «የሆ ጠበቃ በሂንዲ ይከራከራል» ብለው ትንሽ ቀልደዋል። ቀልዱ አስቆኛል፤ ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አላዩም።

ሶይ ስድስት መጻሕፍት አሏቸው። የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በሆ የሕዝብ ዘፈኖች ላይ ነው። ግጥም በራሱ በሆ ይጽፋሉ፤ ጥናቱ ላይ ግን ሂንዲ አለ። ለምን? የሕንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አንድ ቋንቋ ጥናት ስታቀርብ የሚፈትኑህ መምህራን ማንበብ አለባቸው። በሆ የሚያነብ ፈታኝ ኮሚቴ ከየት ይመጣል? የሆ ቋንቋ ተምሮ የተመረቀ ሰው መጀመሪያ መኖር አለበት። ያ እንዲኖር ትምህርት ክፍል ያስፈልጋል። ትምህርት ክፍሉ እንዲከፈት ደግሞ አንድ ሰው «ይሄ ለጥናት የሚበቃ ቋንቋ ነው» ብሎ በሹማምንቱ ቋንቋ ማሳመን አለበት። ራንቺ ዩኒቨርሲቲ የጎሳና የአካባቢ ቋንቋዎች ክፍል የከፈተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለዚያ የታገሉት ራም ዳያል ሙንዳም ምሁርና ገጣሚ ነበሩ፤ ቋንቋቸው የሆ ወንድም ሙንዳሪ ነው። ሆ ከዚያ ክፍል ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ያ ትውልድ በሂንዲ እየተከራከረ፣ በእንግሊዝኛ እየጻፈ በሩን ከፈተ። ሌላ መንገድ ቢኖር ጸሐፊው ይንገሩን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ ስለሌለ። ስለ ሆ ከሶይ በፊት ብዙ ተጽፏል፤ የጻፈው ግን አብዛኛው ባዕድ ነው። በ1915 የሆ ሰዋስው ያሳተመው ላየነል በሮውስ እንግሊዛዊ የአውራጃ ገዢ ነበር። በ1940ዎቹ የሆ ዘፈኖችን ሰብስበው ካሳተሙት መካከል ዊልያም አርቸር አለ፤ እሱም የቅኝ ግዛቱ ሹም ነው። በ1970ዎቹ ጥሩ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ጆን ዲኒ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ናቸው። ሁሉም ባለውለታ ናቸው፣ አንዱንም አላጣጥልም። ግን አስቡት፤ ሹሙ ሪፖርቱን ይጽፋል፣ ዝውውር ሲመጣለት ይሄዳል። ዘፈኑን የሰጡት ሴቶች መጽሐፉን አያዩትም። ሶይ ዘፈኑን የሰሙት ከገዛ ሕዝባቸው ነው። ስሕተት ቢጽፉ ጎረቤት መጥቶ «ኧረ እንዲህ አይደለም» ይላቸዋል። ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ከሁሉም ያናደደኝ ስለ ዘፈኖቹ የተባለው ነው። «ሁለት መስመር፣ ያውም ሁለተኛው የመጀመሪያው ድግግሞሽ፤ ይሄ ምን ሥነ ጽሑፍ ነው?» ይላሉ ጸሐፊው። እሺ፣ ቀረብ ብለን እንየው።

የሆ ዘፈን አጭር ነው፣ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት መስመር ሆኖ ይሄዳል። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ቅርጽ ይይዝና አንድ ቃል ብቻ ይቀይራል። የመጀመሪያው ላይ ተራራ ካለ ሁለተኛው ላይ ጫካ ይመጣል። የመጀመሪያው ላይ ወንዝ ካለ ሁለተኛው ላይ ምንጭ። ሰሚው ቀጥሎ የሚመጣውን ቅርጽ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ቃሉን ነው። ጨዋታው እዚያች ቃል ላይ ነው ያለው። ጎበዝ አውራጅ ያልተጠበቀ ቃል ታስገባለች፣ ተቀባዮቹ እየሳቁ ይቀበላሉ። ሰምና ወርቅ ያደገበት ሰው ይሄን «ድግግሞሽ» ብሎ ሲያልፈው ይገርመኛል።

ደግሞ ዘፈኑ ብቻውን አይመጣም። ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው በአንድ ረድፍ ይቆማሉ። ወንዶቹ ከበሮ ይዘው ፊት ለፊት ይሆናሉ። ዳማ የሚባለው ከበሮ ትልቅና ወፍራም ድምፅ ያለው ነው። ዱማንግ የሚባለው ረዘም ያለ ነው፣ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ በሁለት እጅ ይመታል። ረድፉ ወደፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ በዝግታ ይዞራል። ዘፈኑ አጭር የሆነው ለዚህ ነው። እየተራመድክ፣ እስትንፋስህን እየቆጠብክ፣ ከጎንህ ካሉት ጋር እኩል እያልክ ነው የምትዘፍነው። ረጅም ስንኝ እዚያ ቦታ አይሠራም።

ወቅትም አለው። የማጌ ዘፈን ለማጌ በዓል ነው፣ በጥርና በየካቲት አካባቢ አዝመራ ከገባ በኋላ። የባ በዓል ዘፈን ደግሞ ሳል የተባለው የጫካ ዛፍ ሲያብብ ነው የሚዘፈነው። በዓሉ ሳይከበር አዲሱ አበባ ጸጉር ላይ አይሰካም፤ ዘፈኑም እንደዚያው ጊዜውን ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ሰብሳቢ ሙሉ ስብስብ እንዲኖረው ዓመቱን ሙሉ እዚያ መሆን አለበት፣ ያውም ለዓመታት። ለአንድ ሳምንት መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ የሚያገኘው የዚያን ሳምንት ዘፈን ነው።

ማጌን ካነሳሁ አይቀር፣ ጸሐፊው «አንዳንዶቹ ዘፈኖች ነውር ናቸው» ብለዋል። አዎ፣ በማጌ ሰሞን ሰው አፉን ይፈታል። ሌላ ጊዜ የማይባል ነገር ይባላል፣ ወጣቶች ይሰዳደባሉ፣ ከሩዝ የተጠመቀው ዲያንግም ይረዳል። ኮሎኔል ዳልተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1872 ባሳተመው መጽሐፉ ይሄንኑ አይቶ ደንግጧል። ያስደነገጠው ሥርዓት ግን ወሰን አለው፤ በዓሉ ሲያልቅ ልቅ ንግግሩም አብሮ ያልቃል። እኔ ብሆን ኖሮ ሰብሳቢው ነውሩን እየቆረጠ ቢያስቀር ነበር የምወቅሰው። ጨዋ ጨዋውን ብቻ የመረጠ ስብስብ ስለ ሕዝቡ ሳይሆን ስለ ሰብሳቢው ነው የሚናገረው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ወረቀት ላይ የሰፈረ ዘፈን ዜማው የለም፣ ከበሮው የለም፣ የሴቶቹ ሳቅ የለም። ይቀጥንበታል። ግን ወረቀቱ ከጭፈራው ጋር አልተወዳደረም። ወረቀቱ የሚሄደው ክፍል ውስጥ ነው። አገራችንም ቢሆን ቃል ግጥም በዩኒቨርሲቲ የሚጠናው ተሰብስቦ ስለተጻፈ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሠርግ ላይ መዝፈን ያቆመ ሰው አልሰማሁም።

ፊደሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዋራንግ ቺቲ ይባላል። ያመጣው ላኮ ቦድራ የተባለ የሆ ሰው ነው፤ ከ1919 እስከ 1986 ኖሯል። የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ፊደሉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቱሪ በሚባል ሰው እንደተፈጠረና ለራሱ ለቦድራ በራእይ እንደተገለጠለት ይናገር ነበር። ጸሐፊው እዚህ ላይ ተሳልቀዋል። እኔም ስለ ራእዩ ምስክር አልሆንም። ግን ሰውየው ራእዩን ተርኮ አልተቀመጠም። ፊደሉን አስተካከለ፣ በሆ ጻፈበት፣ ጂንክፓኒ ላይ ተቋም አቋቁሞ ሰው አስተማረበት። ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ለሕንድ ፊደል እንግዳ የሆነ ነገርም አለው፤ እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሕልም ብቻ አይሠራም፣ ቁጭ ተብሎ ነው የሚሠራው።

«ማን ይጠቀምበታል?» ለሚለው፣ በ2014 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ፎንት ላይ የጻፍከውን ሰነድ ጓደኛህ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ኢሜይል የማይታሰብ ነው። የዋራንግ ቺቲ ጸሐፊዎች ያ ጣጣ ከእኛ ይልቅ 15 ዓመት ያህል ቆይቶባቸዋል። ሶይና እኩዮቻቸው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሠሩት በዚያ ጊዜ ነው።

ነገር ግን ፊደሉ ላይ እውነተኛ ችግር አለ፤ ጸሐፊው በስድብ ባያልፉት ኖሮ ጥሩ ነጥብ ይወጣቸው ነበር። ሆ በአንድ ፊደል አይደለም የሚጻፈው። ጃርካንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ በሂንዲው ፊደል በዴቫናጋሪ ይታተማል። ኦዲሻ ያለው በኦዲያ ፊደል ይጽፋል። የቄሶቹ ሰዋስው በላቲን ፊደል ነው። ዋራንግ ቺቲን የሚወዱት ደግሞ ሌላውን እንደ ክሕደት ያዩታል። ቻይባሳ የታተመ የግጥም መጽሐፍ ማዩርባንጅ ያለው ልጅ እጅ ሲገባ ቋንቋው የራሱ ሆኖ ፊደሉን ላያውቀው ይችላል። 1.4 ሚሊዮን ተናጋሪ ላለው ቋንቋ አንባቢን ለአራት መከፋፈል ከባድ ኪሳራ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። የጎረቤታቸው የሳንታሊ ፊደል ኦል ቺኪ በ1925 በራጉናት ሙርሙ ተሠርቶ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። እሱም ቢሆን ሌሎቹን ፊደላት ጨርሶ አላስወጣም።

ስለ እንጀራው ባጭሩ። ጃርካንድ በ2011 የሆ ቋንቋን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ሁለተኛ የሥራ ቋንቋ አድርጋ እውቅና ሰጥታለች። ለግዛቲቱ ከፍተኛ የመንግሥት ሥራ የሚፈተን ሰው ከሚመርጣቸው የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፈተናዎች አንዱ ሆ ነው። ፈተና ካለ የሚያስተምር መምህር ያስፈልጋል። መምህሩ ማስተማሪያ መጽሐፍ ይፈልጋል። መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ደግሞ እነሶይ የሰበሰቡት ዘፈንና የጻፉት ግጥም ነው። ጸሐፊው «ዘፈን ምን ይሠራል» ያሉት ዘፈን፣ ይኸው ፈተና ሆኖ ሰው ሥራ ይቀጠርበታል።

ልጆቹስ? «ሂንዲና እንግሊዝኛ ይማሩ» የሚለውን ማንም አልተቃወመም። የሆ ወላጅ ራሱ ይሄን ነው የሚፈልገው። ጥያቄው በየት በኩል ይግቡ ነው። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የገባ የስድስት ዓመት ልጅ መምህሩ የሚለው ምንም ካልገባው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ማለቱ ይለምድበታል። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ «ደካማ» ይባልና ከብት ጥበቃው ይሻለኛል ብሎ ይቀራል። ጃርካንድ ፓላሽ በሚባለው ፕሮግራሟ የሆ ቋንቋን ጨምሮ በአምስት የጎሳ ቋንቋዎች ጀማሪ ልጆችን ማስተማር የጀመረችው ይሄን ለመቀነስ ነው። ልጁ በሆ ማንበብ ይለምዳል፣ ከዚያ ወደ ሂንዲ ይሻገራል።

የቀረችው የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት፤ መንግሥት ሸልሟል፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?

በ2023 ፓድማ ሽሪ ያገኙት 91 ሰዎች ናቸው። ሶይ ከ91ዱ አንዱ ናቸው። ክብር ነው፣ ይገባቸዋልም። ግን ሜዳሊያው መምህር አይቀጥርም፣ መጽሐፍም አያሳትም። የሆ ሕዝብ ለዓመታት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ሰንጠረዥ የሚባል የቋንቋዎች ዝርዝር አለው። 22 ቋንቋዎች ገብተውበታል። እዚያ የገባ ቋንቋ በማዕከላዊ መንግሥት የሥራ ፈተና ላይ ይቀርባል፣ የብሔራዊው የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ዓመታዊ ሽልማት ይደርሰዋል፣ ትርጉምና ኅትመት ያገኛል። ሳንታሊ በ2003 ከቦዶ፣ ከዶግሪና ከማይቲሊ ጋር ገባ። ሆ ቀረ።

ተናጋሪው ትንሽ ስለሆነ ነው የሚል ካለ፣ በ2011 ቆጠራ የቦዶ ተናጋሪ 1,482,929 ነው። የሆ 1,421,418። ልዩነቱ የአንድ መካከለኛ ከተማ ሕዝብ ያህል ነው። በዚያው ቆጠራ ሳንስክሪት የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው ሰው 24,821 ነው፤ ሳንስክሪት ሰንጠረዡ ውስጥ አለ። ጸሐፊው ከዚህ በላይ ምን ይደረግ ላሉት፣ ሳንታሊን ያስገባው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሆም ሊደገም ይችላል። የሚጠየቀውም ይኸው ነው።